የ1967–1972 የሼቭሮሌት ፒካፕ ከመግዛትዎ በፊት፦ ዓመቱን ከአካሉ አንብቦ የመለየትና የመፈተሽ መመሪያ

በየሳምንቱ ማለት ይቻላል የአሮጌ ሼቭሮሌት ፒካፕ ፎቶግራፍ በስልኬ ይላክልኛል፤ ከፎቶግራፉ ሥር ያለው ጥያቄም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ወንድም፣ ሻጩ የ72 ሞዴል ነው ይለኛል፤ እውነቱን ነው? ልግዛው?» ጥያቄው የሚመጣው በአብዛኛው አሜሪካ ከሚኖሩ፣ ሥራ በሌለባቸው ቀናት የሚሠሩት አንድ አሮጌ መኪና እንዲኖራቸው ከሚፈልጉ ወገኖች ነው። በአንድ ፎቶግራፍና በአንድ ቃል ልመልሰው ስለማልችል፣ እኔ ራሴ መኪናው ፊት ስቆም የምከተለውን ቅደም ተከተል እዚህ በዝርዝር አስቀምጫለሁ።

መመሪያው የሚመለከተው ከ1967 እስከ 1972 የተሠራውን፣ ግማሽ ቶን የሚባለውንና በሁለት ጎማ የሚነዳውን ሲ 10 ነው። እዚህ የተጻፉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ በአሜሪካ የአንድ ሞዴል ዓመት የሚጀምረው ካለፈው ዓመት መጸው ጀምሮ ስለሆነ፣ በኦክቶበር 1969 ከፋብሪካ የወጣ መኪና የ1970 ሞዴል ተብሎ እንደሚመዘገብ ልብ ይበሉ።

ከመጀመርዎ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ይያዙ። በዚህ መኪና ላይ ግሪሉ (በፊት መብራቶቹ መካከል ያለው ወንፊት መሰል ክፍል)፣ ኮፈኑና የፊት ፓራፋንጎዎቹ በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ ካሶኒውም (የኋላው የጭነት ሳጥን) እንዲሁ በብሎን ሻንሲው (ሁሉን የሚሸከመው የብረት አጽም) ላይ የተቀመጠ ነው። ጋቢናው ግን ከላሜራ ተበይዶ የተሠራ አንድ ወጥ አካል ነው። በብሎን የታሰረው ሁሉ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ውስጥ ከሌላ መኪና ተፈትቶ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የተበየደው ግን በአብዛኛው መኪናው ከተሠራበት ቀን ጀምሮ አብሮ የቆየ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ስንፈልግም ሆነ ዝገቱን ስንፈልግ ጋቢናውን እናምናለን፤ ፊቱን እንጠራጠራለን።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ብርሃኑ ጠንካራ የሆነ የእጅ ባትሪ
- በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት (ጨርቁ ቀለሙን ከጭረት ያድናል)
- ጫፉ የደነዘዘ ካቻቢቴ
- ቢያንስ አራት ሜትር የሚደርስ ሜትር
- እጀታ ያለው ትንሽ መስታወት
- ሁለት ሊትር ያህል ውሃ
- መሬት ላይ የሚነጠፍ ሸራ፣ የእጅ ጓንትና ማጽጃ ጨርቅ
- ወረቀትና እስክሪብቶ፤ የስልክዎ ካሜራም ያግዛል
- ከሥሩ ለመግባት ካሰቡ ክሪክና ሁለት ጠንካራ የብረት መደገፊያዎች

ማስጠንቀቂያ

በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ፤ ክሪክ የማንሻ እንጂ የመደገፊያ መሣሪያ አይደለም። የዚህ መኪና የቤንዚን ሰልባትዮ የሚገኘው ጋቢናው ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ስለሆነ፣ ፍተሻው እስኪያልቅ ድረስ በአካባቢው ሲጋራም ሆነ እሳት አይኑር። የፍሬን ታምቡር ከተከፈተ ደግሞ ውስጡ ያለውን አቧራ በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር አያራግፉት፤ የዚያን ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ስላለበት አቧራው ለሳንባ አደገኛ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጠረጋል።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን ያንብቡ

የሹፌሩን በር ከፍተው በመቃኑ ላይ የተመታውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ይፈልጉ። ዛሬ የምናውቀው ባለ 17 ፊደልና አኃዝ ቁጥር የተጀመረው በ1981 ሞዴል ስለሆነ፣ የዚህ መኪና ቁጥር አጭር መሆኑ አያስደንግጥዎ። ከ1967 እስከ 1971 ያለው እንዲህ ይነበባል፦ የመጀመሪያው ፊደል ሲ ከሆነ በሁለት ጎማ የሚነዳ፣ ኬ ከሆነ በአራት ጎማ የሚነዳ ነው። ሁለተኛው ፊደል ኢ ከሆነ ከፋብሪካ የወጣው በቪ 8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር፣ ኤስ ከሆነ በባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነው። ቀጥሎ ያለው 1 ግማሽ ቶን መሆኑን፣ ከዚያ የሚመጣው 4 ከፋብሪካው ካሶኒ ያለው ፒካፕ መሆኑን ይነግራል። ከ4 በኋላ ያለው አንድ አኃዝ የሞዴሉ ዓመት መጨረሻ ነው፤ 7 ቢሆን 1967፣ 0 ቢሆን 1970። ከዓመቱ ቀጥሎ የሚገኘው ፊደል የፋብሪካውን ከተማ ያመለክታል፤ ለምሳሌ ኤፍ ፍሊንት፣ ጄ ጄንስቪል፣ ኤስ ሴንት ሉዊስ፣ ቢ ባልቲሞር ነው። ቀሪው ተራ ቁጥር ነው።

በዚህ አነባበብ መሠረት «ሲ ኢ 1 4 0 ኤፍ» ብሎ የሚጀምር ቁጥር ያለው መኪና፣ በፍሊንት የተገጣጠመ፣ ቪ 8 ሞተር የነበረው፣ የ1970 ግማሽ ቶን ፒካፕ ነው። በ1972 ግን አንድ ፊደል ከፊት ተጨመረ፦ ሼቭሮሌት ከሆነ ሲ፣ ጂኤምሲ (የሼቭሮሌት እህት የሆነው መኪና) ከሆነ ቲ። ስለዚህ የ72 ቁጥር በሦስት ፊደላት ሲጀምር፣ ከዚያ በፊት ያሉት በሁለት ይጀምራሉ። ሻጩ 72 ነው ሲል ሰሌዳው በሁለት ፊደል ከጀመረ መልሱን አገኙ ማለት ነው።

ሰሌዳውን ካነበቡ በኋላ ከታይትሉ (ከባለቤትነት ሰነዱ) ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩት። ይህ ደረጃ ከሁሉም የሚቀድምበት ምክንያት፣ ቁጥሩ ከታይትሉ ጋር የማይገጥም መኪና ምንም ያህል ቢያምር በስምዎ ሊዞር ስለማይችል፣ የቀረውን ድካም ስለሚያድንዎ ነው። የሰሌዳው ምስማሮች የተቆፈሩ፣ አዲስ ወይም በተራ ብሎን የተተኩ ከሆኑ በዚያው ያቁሙ፤ የመኪና መለያ ቁጥርን መነካካት በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው።

በተጨማሪም የዳሽቦርዱን ኪስ ክዳን ከፍተው ከውስጡ የተለጠፈ ወረቀት መኖሩን ይመልከቱ። ይህ ወረቀት መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠሙለትን ተጨማሪ ነገሮችና በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለውን ርቀት ይዘረዝራል። ብዙ ጊዜ ተቀዶ ወይም ደብዝዞ ይገኛል፤ ካለ ግን ወዲያውኑ ፎቶ ያንሱት፣ በደረጃ 2 ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 2፦ ርዝመቱን ይለኩ

ከፊት ጎማው መሐል እስከ ኋላ ጎማው መሐል ይለኩ። አጭሩ መኪና 115 ኢንች (292 ሳንቲ ሜትር ያህል)፣ ረጅሙ 127 ኢንች (323 ሳንቲ ሜትር ያህል) ነው። የአጭሩ ካሶኒ ስድስት ጫማ ተኩል፣ የረጅሙ ስምንት ጫማ ነው። መለካቱ የሚያስፈልገው አጭሩ በገበያ ላይ ይበልጥ ስለሚፈለግና ውድ ስለሆነ፣ ረጅሙን ሻንሲ ቆርጠው የሚያሳጥሩ ሰዎች ስላሉ ነው። በጥንቃቄ የተቆረጠ ሻንሲ ሊሠራ ይችላል፤ በግምት የተቆረጠ ግን ጭነት ሲጫንበት ይሰነጠቃል። በኪሱ ክዳን ላይ ያለው ወረቀት 127 ብሎ ሜትርዎ 115 ካነበበ፣ በደረጃ 8 ሻንሲውን ሲያዩ የብየዳውን መስመር ይፈልጉ።

ደረጃ 3፦ ፊቱን ይመልከቱ፣ ግን አይመኑት

በ1967ና በ68 የኮፈኑ አፍንጫ ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። በ1969 ኮፈኑ ከፊት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ በግሪሉ መሐል በአግድም የሚሄድ ሰፊ የአሉሚኒየም ዘንግ መጣ፤ በላዩም የሼቭሮሌት ስም በፊደላት ተቀርጿል። የ1970 ግሪል ከ69 ጋር መንታ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀረብ ብለው ከተመለከቱ ከዘንጉ በላይና በታች ያለው ፕላስቲክ በደማቅ መስመሮች በስድስት የተከፈለ ሆኖ ያገኙታል። በ1971 ሁሉም ተለወጠ፦ ግሪሉ እንደ እንቁላል ማስቀመጫ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፈለ፤ የቢራቢሮ ከረባት ቅርጽ ያለው አርማ ከኮፈኑ ወርዶ ግሪሉ መሐል ገባ፤ የፊት ፍሬቻዎቹም ባምፐሩ ውስጥ ተቆርጦ በተበጀላቸው ቀዳዳ ተቀመጡ። የ72 ፊት ከ71 የሚለይበት ነገር የለውም።

ይህን ሁሉ ማወቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከላይ እንዳልኩት እነዚህ ክፍሎች በሙሉ በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ አንድ የ67 መኪና የ72 ፊት ለብሶ ሊቆም ይችላል። ያዩትን በወረቀትዎ ላይ ይጻፉ፤ ፍርዱን ግን ለሚቀጥሉት ደረጃዎች ያቆዩት።

አራት የፊት መብራት ካየህ ሼቭሮሌት ሳይሆን ጂኤምሲ ነው የሚል ምክር በብዛት ይሰማል። በሼቭሮሌቱ ላይ መብራቱ ሁለት ነው፤ ነገር ግን ይህም ከግሪሉ ጋር አብሮ የሚፈታ ነገር ስለሆነ የሚያምኑት የሰሌዳውን ፊደልና የኋላውን መቀመጫ (መኪናው በኋላ አክስሉ ላይ የሚያርፍበትን ሞላ ወይም ባሌስትራ፤ ደረጃ 8 ይመልከቱ) አብረው አይተው ይሁን።

ደረጃ 4፦ ጎኑንና የኋላውን መስታወት ይመልከቱ

በፓራፋንጎዎቹና በካሶኒው ጎን ላይ ትናንሽ መብራቶች ይፈልጉ። እነዚህ የጎን መብራቶች በአሜሪካ ሕግ የተደነገጉት ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ስለሆነ፣ የ1967 መኪና የለውም። ፊት ለፊት ያለው ፓራፋንጎ መብራት ኖሮት ካሶኒው ከሌለው፣ ወይም ተቃራኒው ከሆነ፣ አንደኛው ከሌላ መኪና የመጣ ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው የጋቢናውን የኋላ መስታወት ይዩ። በ1967 መደበኛው መስታወት ትንሽ ሲሆን ትልቁ በተጨማሪ ክፍያ የሚመጣ ነበር፤ ከ68 ጀምሮ ትልቁ መደበኛ ሆነ። የመስታወቱ መክፈቻ የጋቢናው ላሜራ አካል ስለሆነ እንደ ግሪል በአንድ ከሰዓት አይቀየርም። ትንሽ የኋላ መስታወት ያለው ጋቢና የ67 ነው ብለው ያለ ፍርሃት መናገር ይችላሉ።

የካሶኒውንም ዓይነት እዚሁ ይለዩ። ፍሊትሳይድ የሚባለው ጎኑ ልሙጥ ሆኖ ከጋቢናው ጋር እኩል የሚሄድ ሲሆን፣ ስቴፕሳይድ የሚባለው ካሶኒው ጠበብ ብሎ ፓራፋንጎዎቹ ከውጪ የተለጠፉበትና በጋቢናውና በፓራፋንጎው መካከል መርገጫ ያለው ነው። የስቴፕሳይዱ ወለል የእንጨት ሳንቃ ነው፤ በሳንቃዎቹ መካከል የሚሄዱት የብረት ቀጫጭን ዘንጎች ሳንቃውን ስለሚይዙት፣ እነርሱ ከበሰበሱ ሳንቃ ብቻ መቀየር ትርፉ ድካም ነው። የፍሊትሳይዱ ግድግዳ ድርብ ነው፤ የተጫነው ዕቃ ከውስጥ ቢገፋም የውጪው ላሜራ እንዳይጎረብጥ ይጠብቃል። ይኸው ድርብነት ግን አፈርና እርጥበት በመካከሉ ታፍኖ እንዲቀር ስለሚያደርግ፣ ከጎማው ቅስት በላይና በካሶኒው የፊት ታችኛ ጥግ ላይ ማግኔትዎን ያስጠጉ።

ደረጃ 5፦ ጋቢናው ውስጥ ይግቡ

የሻጭ አንደበት የማይደርስባቸው ምልክቶች ያሉት እዚህ ነው። በ1967ና በ68 የማቆሚያ ፍሬኑ በእጅ የሚሳብ ሲሆን፣ ከ1969 ጀምሮ በእግር የሚረገጥ ሆነ። በዚያው ዓመት ባለ ሦስት ክንዱ መሪ በባለ ሁለት ክንድ ተተካ፤ የጥሩምባው አዝራርም ከሚያብረቀርቅ ብረት ወደ ፕላስቲክ ተለወጠ። በ1972 ደግሞ የኋላ ማሳያ መስታወቱ ከጣሪያው ጠርዝ ወርዶ በቀጥታ የፊት መስታወቱ ላይ ተጣበቀ፤ የበሮቹ የውስጥ ልባስም ከተስተካከለ ጠፍጣፋ ላሜራ የክንድ ማሳረፊያው አብሮ ወደተቀረጸበት ፕላስቲክ ተሻገረ። በ71ና በ72 መካከል የሚጠይቀኝን ሰው «መስታወቱ የት ነው የተሰቀለው?» ብዬ የምጀምረው ስለዚህ ነው።

አንድ ወዳጄ ሊገዛው የነበረውን መኪና አብሬው ለማየት ሄጄ ነበር። ፊቱ ሙሉ በሙሉ የ72 ነው፤ ግሪሉ ባለ አራት ማዕዘን፣ ፍሬቻው ባምፐሩ ውስጥ። በሩን ስንከፍት ግን ባለ ሦስት ክንድ መሪ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር የሚሳብ የእጅ ፍሬን፣ ወደ ኋላ ስንዞር ደግሞ ትንሿ መስታወት። በመቃኑ ላይ ያለውን አቧራ በአውራ ጣቴ ጠረግሁት፤ ከ4 ቀጥሎ የቆመው አኃዝ 7 ነበር። መኪናው መጥፎ አልነበረም፤ የተጠየቀበት ዋጋ ግን የ72 ዋጋ ነበር። አራቱም ጎማ ላይ ያለው ፍሬን ታምቡር ስለሆነ፣ ወዳጄ ወደ ዲስክ ለመቀየር የሚያወጣውን ገንዘብ አስልቶ ከዋጋው አስቀነሰና ገዛው።

ደረጃ 6፦ ቸርኬውንና ፍሬኑን ይቁጠሩ

የግማሽ ቶኑ ሲ 10 ቸርኬ እስከ 1970 ድረስ በስድስት፣ ከ1971 ጀምሮ በአምስት ብሎን ይታሰራል። በ1971 የፊት ዲስክ ፍሬን መደበኛ ሆኖ ስለመጣ፣ ሁለቱ ለውጦች አብረው ይሄዳሉ። አራቱንም ጎማ ይቁጠሩ እንጂ አንዱን አይተው አይለፉ። ፊት አምስት ኋላ ስድስት ከሆነ፣ አንድ ሰው በአሮጌው መኪና ላይ አዲሱን የዲስክ ፍሬን ገጥሟል፤ ይህ ጥሩ ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ትርፍ ጎማው ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ እንደሚሆን ማወቅ አለብዎ። (ስድስቱ ብሎኖች የተደረደሩበት ክብ ስፋት 139.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቶዮታ ሃይለክስ የሚጠቀምበት ልክ ስለሆነ ብዙዎች ቸርኬ ሊያዋውሱ ይሞክራሉ፤ የመሐሉ ቀዳዳ ስፋት ግን የተለያየ ስለሆነ ሳይለኩ አይግጠሙ።)

ጎማው ላይ የታተመውን የቀን ምልክትም ያንብቡ። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2312 ማለት በ2012 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም በእርሱ ላይ መኪናውን ወደ ቤትዎ አይንዱ።

ደረጃ 7፦ ዝገቱን ከንድፉ ይከተሉ

በዚህ ደረጃ አይቸኩሉ፤ ከጠቅላላው ጊዜዎ ግማሹን ይስጡት። ሞተር ተነስቶ ሌላ ይገባል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፤ የበሰበሰ ጋቢና ግን የላሜራ ሠራተኛን ወራት ይበላል። ዝገት ደግሞ በዘፈቀደ አይመጣም፤ ውሃ የሚገባበትንና መውጫ የሚያጣበትን የንድፍ መንገድ ይከተላል። ስለዚህ ፍተሻው ከላይ ወደ ታች ይሁን።

ከበሮቹ አናት በላይ ከሚዞረው አሸንዳ ይጀምሩ። አሸንዳው የጣሪያው ላሜራና የጎኑ ላሜራ የተገናኙበት ስፌት ነው፤ ስፌቱን የሚሸፍነው ማሸጊያ ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባና ከውስጥ ይበላዋል። ቀለሙ በተርታ ትናንሽ ጉብታዎች ካወጣ፣ ከሥሩ ያለው ብረት እያለቀ ነው።

ቀጥሎ የፊት መስታወቱን የታችኛ ሁለት ጥጎች በካቻቢቴው ጫፍ በቀስታ ይጫኑ። መስታወቱ በጎማ ስለተያዘ፣ ጎማው ሲደርቅ ውሃ ከሥሩ ይቆማል። ከመስታወቱ ፊት፣ ከኮፈኑ ጀርባ ባለው ወንፊት በኩል አየር ወደ ጋቢናው ይገባል፤ ከአየሩ ጋር ቅጠልና አፈርም ይገባል፤ ለዓመታት ተጠራቅሞ እንደ ስፖንጅ እርጥበት ይይዛል። እዚህ ነው ያመጡት ውሃ የሚያስፈልገው። በወንፊቱ ላይ ቀስ ብለው ያፍስሱት። ጤነኛ መኪና ከሆነ ውሃው ከፊት ፓራፋንጎው ጀርባ፣ ከበሩ ፊት ወደ መሬት ይወርዳል። ውሃው ከሹፌሩ ወይም ከተሳፋሪው እግር ሥር ወለሉ ላይ ከታየ፣ የውስጡ ላሜራ በስብሷል፤ ይህን ለመጠገን ፓራፋንጎው፣ አንዳንዴም ዳሽቦርዱ መፈታት ስላለበት ከሁሉም ጥገና ከባዱ ነው።

አሁን ወደ ታች ይውረዱ። ምንጣፉን አንስተው ወለሉን ይዩ፤ ሻጩ ምንጣፍ ማንሳት አይቻልም ካለ፣ መኪናውን ትተው ይሂዱ። የበሩን ደፍ ከውጪም ከሥርም በማግኔት ይዳስሱ። ከዚያ የጋቢናው የኋላ ታችኛ ማዕዘኖች ጋ ይድረሱ። በዚህ ሞዴል ላይ ስቱኮ ተሞልቶ የማገኘው ከሁሉም በላይ እዚህ ነው። ማግኔቱን ከመስታወቱ ሥር ጀምረው ወደ ታች ያንሸራቱት፤ ብረት ላይ እያለ ጣትዎን ይዞ ይጎትታል፣ ስቱኮ ላይ ሲደርስ ግን በድንገት ቀልሎ ይወድቃል። የወደቀበትን ቦታ በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት፤ የብረት ድምፅ ሳይሆን የግድግዳ ድምፅ ይሰጣል። ከወንበሩ ጀርባ መስታወትዎን አስገብተው ያንኑ ማዕዘን ከውስጥ ቢያዩት፣ ስቱኮው የተደገፈበትን የሽቦ ወንፊት ወይም የጋዜጣ ቁራጭ ያገኙ ይሆናል።

በመጨረሻ ጋቢናው ሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸውን እግሮች ከሥር ያብሩባቸው። በሩ ሲከፈት ወደ ታች ዝቅ ካለ፣ ሲዘጋም ማንሳት ካስፈለገው፣ ብዙ ሰው ማጠፊያው አልቋል ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያለቀው የጋቢናው የፊት እግር ነው። ልዩነቱን የሚያውቁት በሩንና ፓራፋንጎውን የሚለየውን ክፍተት በማየት ነው፤ ክፍተቱ ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ ወይም ከዚህ በተቃራኒ ከሆነ፣ ጋቢናው ራሱ ወደ ታች ሰምጧል።

ደረጃ 8፦ ሻንሲውንና የኋላ መቀመጫውን ይመርምሩ

ብዙዎቹ የሼቭሮሌት ሲ 10 መኪኖች ከኋላም የሚቀመጡት በሞላ (በተጠቀለለ ወፍራም ሽቦ) ሲሆን፣ የጂኤምሲው ግማሽ ቶን ግን በአብዛኛው በባሌስትራ (በተደራረቡ የብረት ምላሶች) ነው። ባሌስትራ ለሼቭሮሌቱም በምርጫ ይመጣ ስለነበር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሞላ ካለው፣ ከኋላው አክስል ወደ ፊት የሚዘረጉ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ያያሉ፤ የፊት ጫፋቸው ላይ ያለው ጎማ ካለቀ መኪናው በጎዳና ላይ ወደ ጎን ይዋልላል። ሻንሲው ከጋቢናው እስከ ኋላው አክስል ድረስ በጣት ይዳሰስ፤ ከደረጃ 2 የተጠራጠሩት ቁርጥ ካለ የሚገኘው እዚህ ነው። ወገቡ ዝቅ እንዲል የተደረገ መኪና ከሆነ፣ ከአክስሉ በላይ ሻንሲው በግማሽ ክብ ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል የማጠናከሪያው ላሜራ በአግባቡ የተበየደ መሆኑን ያረጋግጡ። ሻንሲው በሙሉ በአዲስ ጥቁር ቅብ ተሸፍኖ ካገኙት፣ በካቻቢቴው ሳይነኩት አይለፉ።

ደረጃ 9፦ ሰልባትዮውን ያሽትቱ

ሁለቱንም በርና መስታወት ዘግተው አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ የሹፌሩን በር ከፍተው ወዲያውኑ ያሽትቱ። የቤንዚን ሽታ ካለ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከበሩ ጀርባ ካለው መሙያ ወደ ሰልባትዮው የሚወርደው ጎማ መሰንጠቁ ወይም የቤንዚን መለኪያው ጓርኒሲዮን መድረቁ ነው። ሁለቱም ርካሽ ዕቃዎች ናቸው፤ ሳይቀየሩ ግን መኪናውን አይንዱት፣ ልጆችም አይሳፈሩበት። መሙያው ከጋቢናው ጎን ጠፍቶ ቀዳዳው በላሜራ ከተደፈነ፣ ሰልባትዮው ወደ ካሶኒው ሥር ተዛውሯል ማለት ነው፤ እንዴት እንደታሰረ ከሥር ይዩት።

ደረጃ 10፦ ያስነሱት፣ ይንዱት

ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ይነሳ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀዎት፣ ሌላ ቀን ይመለሱ። ፍሬኑን ሠላሳ ሰከንድ ያህል ረግጠው ይያዙ፤ ፔዳሉ እየሰመጠ ከሄደ የፍሬኑ ፓምፕ አልቋል ወይም የፍሬን ዘይቱ ያፈሳል። ሰው በሌለበት ጎዳና ላይ ቀስ ብለው ይፈትኑት፤ ታምቡር ፍሬን ወደ አንድ ጎን መሳቡ የተለመደ ጉድለት ነው፣ ይስተካከላል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- ዓመቱን በግሪሉ ብቻ መፍረድ። ከሚላኩልኝ ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የፊት ፎቶ ብቻ ናቸው፤ ከእንግዲህ የበሩን መቃን፣ የኋላውን መስታወትና የመሪውን አካባቢ ያንሱልኝ።
- ሞተሩ «ኦሪጅናል» ስላልሆነ መኪናውን መተው። ሰሌዳው ኤስ ብሎ ውስጡ ቪ 8 ቢገኝ፣ በጥንቃቄ የተገጠመ ከሆነ ጉዳት አይደለም፤ ዋጋው ግን ያንን ያንጸባርቅ።
- አዲስ ቀለምን እንደ ጤና ምልክት መቁጠር። ቀለም ከመቀባቱ በፊት የተነሱ ፎቶግራፎች ካሉ ሻጩን ይጠይቁ፤ በእውነት የደከመበት ሰው ፎቶ አለው።
- የግዛቱን ደንብ ከግዢ በኋላ መጠየቅ። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ የ1975ና ከዚያ በፊት የነበሩ የቤንዚን መኪኖች ከጭስ ምርመራ ነፃ ናቸው፤ በቨርጂኒያ ደግሞ የጥንታዊ መኪና ሰሌዳ ለማግኘት መኪናው ቢያንስ 25 ዓመት ሊሞላው ይገባል፣ ሰሌዳውም አጠቃቀሙን ይገድባል። የሚኖሩበትን ግዛት ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባ ቢሮ) ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ያነጋግሩ።
- ብቻ መሄድ። አንድ ሰው ሻጩን ሲያነጋግር ሌላው ማግኔቱን ይዞ በጸጥታ ማዕዘኖቹን ይዳስስ፤ ለወሬ ቆመው ሳለ የሚያመልጥዎት የመጀመሪያው ነገር ከወንበሩ ጀርባ ያለው ማዕዘን ነው።